ክብደቱ የጨመረ አደራ

ፈለቀ ጥቅሉን ይዞ የባህረዲን ጨው መደብር የመጣው በሰኔ መግቢያ፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ነበር። ዓመቱ ዘጠና አምስት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የአሰብ ጨው ስለቀረ ጨው የሚመጣልን ከአፋር በረሃ፣ ከአፍዴራ ነው። ፈለቀ ያንን ጨው በተሳቢ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ባህረዲን ደግሞ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ዳር ባለው መደብሩ ይረከበዋል። እኔ ከእሱ ቀጥሎ ሚዛን እጠግናለሁ። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ እሱ ቤት የተነገረ እኔ ቤትም የተነገረ ያህል ነው።

"ጋሼ ኃይለመለኮት! እስቲ ደህናውን ሚዛን ይዘው ብቅ ይበሉ" ብሎ ጠራኝ ፈለቀ።

ይዤ ሄድኩ። ጥቅሉ ትንሽ ዱባ ያህላል። በመኪና ሸራ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ሰባት ቦታ ላይ ተቋጥሯል። በየቋጠሮው ላይ ሻማ ተንጠባጥቦበታል፤ ማንም ቢፈታው እንዲታወቅ ነው። ሳነሳው ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። መጠኑና ክብደቱ አልተስማሙልኝም።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ድንጋይ።"

"ድንጋይ ልታስመዝነኝ ነው የጠራኸኝ?"

"ድንጋይ ነው አልኩዎት እኮ ጋሼ። እርስዎ ኪሎውን ብቻ ይንገሩኝ።"

"መርካቶ ድንጋይ ጠፍቶ ነው እስከ አፋር የሄድከው?" የሚል ድምፅ ከጆንያዎቹ መሃል መጣ። ሙራድ ነው። ሙራድ የባህረዲን ሚስት የሀፍሷ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መደብሩን አብሮ ይዞ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ባህረዲን ለሶላት ሲሄድ ቁልፉ እሱ ጋ ይቀራል። ምላሱ ቶሎ ይቀድመዋል እንጂ ሥራው ላይ እንከን አላየሁበትም።

ፈለቀ አልሳቀም። ጥቅሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

"ሙራድ፣ ተወው" አለ ባህረዲን። ከዚያ ወደ ፈለቀ ዞሮ "አማና ነው የምትለኝ፣ አደራ?" አለው።

"አማና ነው ባህሬ። የምኖረው በኪራይ ቤት፤ አብዛኛውን ጊዜዬን ደግሞ መንገድ ላይ ነኝ። የት ላድርገው?"

"አማና ካልከኝ ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅህም።"

ይህ የባህረዲን ወጉ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። ዓረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ወርቃቸውን፣ አገር ቤት የሚወርዱ ነጋዴዎች የቤታቸውን ካርታ እሱ ጋ ያስቀምጣሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም። ጠቅልለው ይሰጡታል፤ እንደተጠቀለለ ይመልሳል። አንዱንም ከፍቶ አያውቅም። አንድ መኪና ሙሉ ጨው በቃሉ ብቻ የሚራገፍለት በዚህ ስሙ ነው። ስሙ ከሄደ የሚቀረው ጆንያ ብቻ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፣ ተራውም ያውቀዋል።

መዘንኩት። ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ። "አንድ ጥቅል፣ ሰባት ቋጠሮ" ብዬ ክብደቱን ጽፌ ሦስታችን ፈረምን። ባህረዲን ጥቅሉን በላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ፈለቀ ሲወጣ ባህረዲንን በር ላይ አስቀረውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ቤቴ ገብቼ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ዝቅ ያለውንም ያሳልፋል።

"ካንተ በቀር ማንም እንዳይነካብኝ። ያ ልጅ ዓይኑ አላማረኝም።"

ባህረዲን ምንም አልመለሰም። ያን ጊዜ ቢመልስለት ኖሮ እላለሁ አሁን።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። ጭድ ተራ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይደርሳል፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ የባህረዲን ግድግዳ ያልብ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ ጥቅሉ መደርደሪያው ላይ የለም። አልጠየቅኩም፤ የእኔ ጉዳይ አይደለም አልኩ። ሙራድ ግን በቆርቆሮው ማዶ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ያቺ የፈለቀ ዱባ የት ገባች?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ባህሬን ስጠይቀው ዝም ብሎ ያየኛል። ወርቅ ሳትሆን አትቀርም!" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አልተመቸኝም። በዚያው ሰሞን ወገቡ ላይ ሞባይል አንጠልጥሎ አየሁት። ያኔ ሞባይል የትልልቅ አስመጪዎች ዕቃ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አሰርኳቸው።

ፈለቀ የመጣው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ፊቱ በርቷል፤ "ገዢው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል" እያለ ነው የደረሰው። ባህረዲን "ትንሽ ጠብቀኝ" ብሎ ወደ ጓዳው መጋዘን ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ቆየ። ስንጠብቅ ሙራድ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ባህረዲን ሲወጣ ጥቅሉን በሁለት እጁ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎታል። የሸራው ሥር ቡናማ ውሃ ጠጥቷል።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ፈለቀ።

"ክረምት አይደል፤ እርጥበት ነው።"

ፈለቀ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮዎቹን በጣቱ ቆጠረ። "አንድ፣ ሁለት..." ስድስት ላይ ቆመ። የሰባተኛው ሲባጎ በስብሶ ተበጥሷል። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና "ይመዝኑ" አለኝ።

ስመዝነው ዘጠኝ ኪሎ ከሰባት መቶ ሃያ ሆነ።

ሚዛኑን አስተካክዬ ደገምኩ፤ ያው ነው። ቤቴ ገብቼ ሌላ ሚዛን አመጣሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛም እንደዚያው። ባህረዲን "ጨመረ እንጂ አልጎደለም" አለ፤ ይህ የሚጠቅመው መስሎት ነው።

"ድንጋይ ይወልዳል እንዴ?" አለ ፈለቀና ሸራውን በካራ ተረተረው።

ውስጡ ያለው ነገር ድንጋይ ለማለትም ያስቸግራል። ቀይ ቡናማ ነው፤ እንደ አሮጌ ምጣድ ቅርፊት ቅርፊቱን ይለቃል። ሲሶው ያህል ተሸራርፎ ዱቄትና ፍርፋሪ ሆኗል። በፍርፋሪው ውስጥ የአተር ክክ የሚያካክሉ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች አሉ። የዛገ ብረት ሽታ ቤቱን ሞላው።

ፈለቀ ቁልቁል ሲያየው ቆየ።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"ፈለቀ፣ በአላህ..."

"የኔ አይደለም አልኩ! የኔ ጥቁር ነው፤ ጠንካራ ነው። አንዷን ጥጉን ጋራዥ ወስጄ አስሞርጃታለሁ፤ እንደ መስታወት ነበር የምታበራው። ብረቱ መሃል መሃል ላይ የማር ወለላ የመሰለ ፍሬ አለው፤ ወደ ፀሐይ ብታዞረው ብርሃን ያሳልፋል። ይሄ ምንድን ነው? የት አለ ማሩ?"

"ብረት?" አለ ባህረዲን። "ድንጋይ ነው አላልከኝም?"

"ድንጋይም ነው፣ ብረትም ነው። ከሰማይ የወደቀ ነው!"

"ከሰማይ!" አለ ሙራድ። "እዚያም በተሳቢ ትሠራለህ እንዴ?"

ፈለቀ ተስፈንጥሮ ደረቱን ያዘው። "አንተ ነህ! አንተ ነህ የለወጥከው! ሞባይሉን በምን ገዛኸው? ንገረኝ እስቲ፣ በጨው ጠራጊ ደሞዝ ነው?"

ሰው ተሰበሰበ። ባህረዲን መሃል ገባ። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ነው እስከ አርብ የበላኝ፦ ባህረዲን ፈለቀን እየገፋ ዓይኑ ግን ሙራድ ወገብ ላይ፣ ሞባይሉ ላይ ነበር። ሙራድም አየው።

"ከምናለሽ ተራ የዛገ የመኪና ባሊስትራ ሰባብራችሁ ጠቀለላችሁልኝ" ይል ነበር ፈለቀ እየጮኸ። "ልክ አድርጋችሁ መመዘን እንኳ አልቻላችሁም! አብዝታችሁት!" ወደ እኔም ዞረ። "ወይ ደግሞ የእርስዎ ሚዛን ነው የዋሸው።"

የተራው ሽማግሌ ሀጂ ሙናዊር ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ድሮ እሳቸውም ጨው ነጋዴ ነበሩ። ሁሉንም ሰሙና ፍርፋሪውን በከዘራቸው ጫፍ ሳይነኩ "እንዳለ ጠቅልሉት፤ አንዲት ብናኝ እንዳትቀር" አሉ። "አርብ ከጁምዓ መልስ ባህረዲን ይምላል። እሱ ከማለ በኋላ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይምላል። እስከዚያ ሚዛን ቤት ይቀመጥ።"

ፈለቀ ማንም እንዳይነካካው አለ፤ ካልሆነ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ አለ። ሀጂ በራሳቸው ሻሽ አስረው ሰጡኝ።

እኔ ሰው ሲያወራ መስማት ነው የማውቀው፤ ማየት የጀመርኩት ዕቃው ቤቴ ከገባ በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሻሹን ሳልፈታ ወጣ ያለውን የሸራ ጠርዝ አየሁት። ስፌቱ ውስጥ፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ሲባጎው የተበጠሰበት ቦታ ላይ ነጫጭ ቅንጣት ተሰግስጓል። አንዷን በጥፍሬ አንስቼ በምላሴ ነካኋት። ጨው ነው።

የጨው መደብር ውስጥ ጨው መኖሩ ግር አይልም። ግን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አቧራው ላዩ ላይ ነው የሚያርፍበት። ይሄኛው ከሥሩም ከጎኑም ከእጥፋቱም ውስጥ ነው ያለው።

በዚያው ቀን ባህረዲን መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ ኃይሌ፣ እንዴት ነው የምምለው?"

"እውነቱን ነዋ። አልነካህም አይደል?"

"አልከፈትኩም።"

"አልነካሁም በል እንግዲያው።"

"አልከፈትኩም፤ አልለወጥኩም" አለ። ነክቼዋለሁም አልነካሁምም ሳይል አለፋት። ሰው የሚዘላት ቃል ለእኔ ትሰማኛለች።

"ሙራድስ?"

"ቁልፍ አለው" አለ።

"ጠይቀዋ።"

"የሚስቴን ወንድም ሌባ ነህ ወይ ብዬ? አልጠየቅኩትም። ግን ከሰኞ ጀምሮ አንድ ማዕድ ላይ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።"

"እሺ፣ ይሄ ጨው እዚህ ስፌት ውስጥ እንዴት ገባ?"

ተነሣ። "ጨው ቤት ጨው ብታገኝ ምን ይደንቃል?" አለኝና ወጣ። ሃያ ዓመት ስንጎራበት እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እሱንም ጠረጠርኩት። ሙራድን ስጠረጥር ቀላል ነበር፤ ባህረዲንን ስጠረጥር ግን የገዛ ሚዛኔን የጠረጠርኩ ያህል ሆነብኝ። በማግስቱ ጠዋት አማኑኤል ገብቼ ቅዳሴ ቆምኩ፤ ቄሱ ሲቀድሱ እኔ የማስበው ቋጠሮ ነበር። አፈርኩ።

አንድ ነገር ግን በእጄ አውቅ ነበር። ጨው ቸርቻሪዎች የሚያመጡልኝ የሚዛን ብረት ከሌላው ሰው ብረት የተለየ ነው። ዝገቱ እንዳለ ስመዝነው አንዳንዴ ከልኩ ይከብዳል፤ ዝገቱን ፍቄ ሳነሳ ደግሞ ከልኩ ይቀላል። ለምን እንደሆነ ያስተማረኝ የለም። ከአየሩም ከውሃውም አንድ ነገር የሚጠጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ሳልዘጋ ከሞረዴ ሥር የብረት ብናኝ ጠራርጌ፣ በወርቅ ሚዛን መቶ ግራም መዝኜ፣ አምስት ግራም የአፍዴራ ጨው ጨምሬ፣ ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጌ በጣሳ አስቀምጬው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከአማኑኤል ስመለስ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሀፍሷ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

"ጋሼ፣ ሁለቱ ቤት ውስጥ አይነጋገሩም። ወንድሜን ለመሐላ ካቀረበው ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ወላሂ እሄዳለሁ።"

"ሞባይሉን ግን..."

"እርስዎም ሞባይሉን!" አለች። "በኔ ዕቁብ ነው የገዛው። የሴቶቹ ዕቁብ ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ እሱንም አስገብቼዋለሁ፤ ዕጣው ሲደርሰው በእጄ የሰጠሁት እኔ። ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም በዓይናችሁ ትጠይቃላችሁ፤ በአፋችሁ የሚጠይቅ የለም።"

ስትወጣ በር ላይ ቆመችና "ባህሬ ራሱ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን እጁ ተልጦ መጣ" አለች። "ጨው በልቶት ነው። ቫዝሊን የቀባሁለት እኔ ነኝ። ወዛደር እያለው ከመቼ ወዲህ ነው ጨው የሚዝቀው?"

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሙራድ አብነት ሰፈር ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ ጠብቄ ጣሳውን ይዤ ባህረዲን ጋ ገባሁ። አሳየሁት። ብዙ አልተናገርኩም።

"ጨው ውስጥ ነው የቀበርከው" አልኩት።

ጣሳውን አየ፤ እጁንም አየ። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"ፈለቀ 'ያ ልጅ ዓይኑ አላማረኝም' ብሎኝ ሄደ። ሰምተህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሙራድ መደርደሪያው ሥር ባለፈ ቁጥር ልቤ ይመታል። 'የት ገባች' ብሎ ሲጠይቀኝ አዲስ ሌባ ያየሁ መሰለኝ። ለዙሁር ሶላት ሲወጣ መጋዘን ገባሁና በእጄ ቆፍሬ ከትልቁ ክምር ሥር ቀበርኩት። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የት አለ? ማንም አይደርስበትም። ድንጋይ ነው ብሎኛል፤ ድንጋይን ጨው ምን ያደርገዋል?"

"ታዲያ ነገ ይህንኑ ተናገር።"

"ሙራድ ባለበት?" ራሱን ነቀነቀ። "አልከፈትኩም፣ አልለወጥኩም ብዬ ብምል ውሸት አይደለም። ስሜም ይተርፋል።"

"ካንተ ቀጥሎ ግን ሙራድ ይምላል። ተጠርጥሮ ይምላል። የጠረጠርከው አንተ እንደሆንክ ሳያውቅ።"

ጣሳውን ወደ እኔ ገፋው። ሲሰማኝ ግን አየሁት።

አርብ ከጁምዓ መልስ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሀጂ ሙናዊር ቁርኣኑን በአረንጓዴ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ፈለቀ በሩ አጠገብ፣ ሙራድ ግድግዳውን ተደግፎ። ሀፍሷ መደብሩ በኩል ቆማለች፤ ልጆቿን ይዛ ነው የመጣችው፤ ቦርሳም ይዛለች። እኔ ከጥቅሉ ጋር።

"ባህረዲን፣ እጅህን አምጣ" አሉ ሀጂ።

እጁን ዘረጋ። ጨርቁ ሊደርስ ሲል አቆመው።

"ሀጂ፣ ከመማሌ በፊት የምለው አለኝ። አልከፈትኩም፤ አልለወጥኩም። ግን ከመደርደሪያው አንስቼ ጨው ክምር ሥር ቀብሬዋለሁ። በገዛ እጄ።"

"አያችሁ!" ብሎ ተነሣ ፈለቀ። "ነክቶታል!"

"ቁጭ በል" አሉት ሀጂ። "ለምን ቀበርከው?"

ባህረዲን ወለሉን አየ። "ከሙራድ ለመደበቅ።"

ሙራድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አየ።

"ከኔ?"

"ካንተ።"

"ስድስት ዓመት ቁልፍህን ከያዝኩት ከኔ?"

"ቁልፉን ልቀበልህ አፈርኩ። ስለዚህ ዕቃውን ደበቅኩ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሀፍሷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከማን ወገን እንደሆነች ከፊቷ አልታወቀኝም።

ሀጂ "ባህረዲን" አሉ፣ "ጨው የምትዝቀው በምንድን ነው?"

"በእንጨት አካፋ።"

"ለምን በብረት አይሆንም?"

"ጨው ብረት ይበላላ ሀጂ። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?"

"ፈለቀ፣ አንተስ ስትሰጠው ምንድን ነው አልከው?"

"ድንጋይ።"

"ብረት አለበት ብትለው ኖሮ ይሄ ሰው ጨው ውስጥ ይከተው ነበር?"

ፈለቀ ጉንጩን አከከ። "ብረት ነው፣ ፍሬ አለው ካልኩማ..." አለና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨረሰው፣ "እንዳትሰርቁኝ ነዋ።"

"እንዳንሰርቅህ!" አለ ሙራድ። "አሁን ማን ሰረቀህ? ዝናብ ሰረቀህ?"

ተራዬ ደረሰ። ጣሳውን አወጣሁ። ጠዋት ምድጃ ላይ አድርቄው ነበር፤ ሁሉም እያዩ በወርቅ ሚዛን መዘንኩት። መቶ አሥራ አራት ግራም። ብረቱ መቶ፣ ጨው አምስት፤ የቀረውን ዘጠኝ ግራም ማንም እንዳልጨመረበት፣ ዝገቱ ራሱ እንዳመጣው፣ የድንጋዩም ክብደት የጨመረው እንዲሁ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ፈለቀ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አሸተተ። "ጋሼ፣ እርስዎም ጎረቤቱ ነዎት" አለኝ።

አልተቀየምኩትም። የሀጂን ሻሽ በእሳቸው ፈቃድ ፈታሁና ከፍርፋሪው መሃል ትልቁን ቁራጭ አውጥቼ ከሞረድ ጋር ሰጠሁት። "እኔን አትመን። ራስህ ሞርደው።"

በሩ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቁጢጥ ብሎ ሞረደው። ቀዩ ዱቄት ጫማው ላይ ረገፈ። መጀመሪያ ጥቁር ሆነ። ቀጥሎ አመድማ። ከዚያ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ አለች፤ እንደ አዲስ ሳንቲም ነጭ ብረት። ፈለቀ ትንሽ ጨምሮ ሞረደና ወደ ደጅ ብርሃን አዞረው። ነጩ ብረት መሃል አንዲት ፍሬ ታቅፋለች። የማር ቀለም አላት፤ የዝናቡን ብርሃን አሳለፈችው።

ሁላችንም ተነሥተን ሄደን አየን። ሙራድ ሳይቀር። እኔ በልቤ አማተብኩ፤ ሀጂ "ሱብሃነላህ" አሉ።

"የኔ ነው" አለ ፈለቀ በመጨረሻ። ደስ ያለው አይመስልም። ሌባ ቢያገኝ የሚሻለው ሰው ይመስል ነበር።

ሀጂ ቁርኣኑን አነሱ። "መሐላ የለም። ባህረዲን አማናውን አልበላም፤ ሁሉም ይስማ። ፈለቀ፣ ገዢው እስኪመጣ የት ታስቀምጠዋለህ?"

ፈለቀ ሁላችንንም በየተራ አየን። እኔን አለፈኝ። ባህረዲንን አለፈው።

"እሱ ጋ" አለ ወደ ሙራድ እየጠቆመ። "እሱ አለመንካቱን ነው አሁን ያረጋገጥኩት። ሌላውን እንጃ።"

ሙራድ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆየ። "እኔ የማላውቀውን ዕቃ አልይዝም" አለ። "እንደ ባህሬ አይደለሁም። ቁጭ በልና ምን እንደሆነ ንገረኝ። የት እንዳገኘኸው፣ ማን ምን እንዳለህ፤ ሁሉንም። ካልሆነ ተሸክመኸው ሂድ።"

ፈለቀም ቁጭ አለና ነገረን። ከአፍዴራ ጭኖ ሲመለስ በረሃው መሃል ጎማ ፈነዳበት። ለመኪናው ታኮ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልግ ባዶ አሸዋ ላይ አንድ ብቻውን የተቀመጠ ጥቁር ነገር አየ። በዙሪያው መሰሉ የለም። ሊያነሳው ሲል ከጠበቀው በላይ ከበደው። ጎማ ስር አድርጎት መኪናው ሲያርፍበት ሌላ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ እሱ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ወደደው፤ ለታኮነት ብቻ ሁለት ምልልስ ይዞት ዞረ። ሠመራ ሆቴል ደጃፍ እሳተ ገሞራ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ጎማው ሥር አይቶት ተንበረከከ። በአስተርጓሚ "ይህ ከሰማይ ነው፤ እንዲህ ድንጋይና ብረት የተጋገረበት በጣም ጥቂት ነው፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ ገዢ አመጣልሃለሁ" አለው።

"ደረቅ ቦታ?" አለ ባህረዲን። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ ያለው ያኔ ነው። "ይህንን እንኳ አልነገርከኝም?"

"ካልኩህማ ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ" አለ ፈለቀ።

"አልጠይቅህም ነበር" አለ ባህረዲን፤ ሲለው ግን እንደ ድሮው አልኮራበትም።

አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። በዚህኛው ላይ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ውሃና ጨው እንደማይወድ ጭምር አሰፈርኩ። ሙራድ ፈረመ። ድንጋዩን ዱባይ ተራ ወዳለው የጓደኛው ሱቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረቅ ቦታ እንደሚወስደው ነገረን። ፍርፋሪውንም ፍሬዎቹንም በፌስታል ለየብቻ አሰረ። ጥቅሉን ብብቱ ሥር ካደረገ በኋላ ከወገቡ የመደብሩን ቁልፍ ፈታና ሚዛኔ ላይ፣ ባህረዲን ፊት አኖረው።

"ይሄንን ደግሞ አንተ ያዘው" አለው። ሀፍሷ "ሙራድ" አለችው፤ እሱ ግንባሯን ሳም አድርጓት ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ባህረዲን ቁልፉን አላነሳውም። ሀፍሷ ቦርሳዋን አንስታ፣ ልጆቹን ይዛ፣ ወደ ቤቷ ይሁን ወደ እናቷ ሳትናገር ሄደች። ሁሉም ከሄደ በኋላ ባህረዲን እኔ ጋ መጥቶ ወደ ቁልፉ ጠቆመኝ።

"ይሄን አንተ ጋ አስቀምጥልኝ። እስኪመለስ። አማና ነው።"

"ምንድን ነው?" አልኩት።

ለአፍታ አየኝ። "የሙራድ ቁልፍ" አለ። "የመደብሬ ቁልፍ፣ ሙራድ የሚይዘው።"

እንዳለኝ ጻፍኩና ቤቴ ወስጄ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ገና ክረምቱ ስላልወጣ፣ ሱቄን ሳልዘጋ ጨርቅ ቅባት ውስጥ ነክሬ ጥርሱን አንድ በአንድ ቀባሁት።